ጭስ፣ ሆርሞንና የማንጎ ዛፍ፦ የዕፅዋት ዕድገት ተቆጣጣሪዎች ታሪክና የእኛ ድርሻ

በልደታ፣ አዲስ አበባ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ገለጻዬ የአንድ ዛፍና የጥቂት ሞለኪውሎች ታሪክ ነው። ዛፉ ማንጎ ነው። ሞለኪውሎቹ በሳይንስ ቋንቋ የዕፅዋት ዕድገት ተቆጣጣሪዎች ይባላሉ። ከፊሎቹን ዕፅዋት ራሳቸው እጅግ በጥቂቱ ያመነጫሉ፤ እነዚህን በተለምዶ ሆርሞን እንላቸዋለን። ከፊሎቹን ደግሞ ሰው በቤተ ሙከራ ይሠራቸዋል። በዚህ ገለጻ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የማንጎ የአበባ ዘለላ ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚቆጠሩ አበቦችን ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ ለመብል የሚደርሰው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ዛፉ አንድ ዓመት በፍሬ ብዛት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፤ በማግስቱ ዓመት ቅጠል ብቻ አውጥቶ ያርፋል። የአንድ አካባቢ ዛፎችም ፍሬያቸውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድነት ያደርሳሉ፤ ያን ጊዜ ዋጋው ይወድቃል፣ ፍሬውም ከዛፍ ሥር ይበሰብሳል። አበባው ለምን ይረግፋል? ዛፉ ለምን ያርፋል? ወቅቱንስ ማንቀሳቀስ ይቻላል ወይ? የዕድገት ተቆጣጣሪዎች ታሪክ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የእጅ ዕውቀቱ ከቤተ ሙከራው ቀድሞ ነበር። ሁለተኛ፣ አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪ ንጥረ ነገር ዛፉ ያለውን ሀብት መቼና የት እንደሚያውል ይወስናል እንጂ ሀብቱን አይፈጥርም። ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለማንጎ አምራቾቻችን ምን መምከር እንዳለብን ይወስናል።

ስም ሳይወጣለት የነበረ ዕውቀት

ነቢዩ አሞጽ ስለ ቀድሞ ሥራው ሲናገር ከከብት ጥበቃ ጋር የሾላ ዛፍን ሥራ ይጠቅሳል። ጥንታዊው የግሪክኛ ትርጉም በዚህ ቦታ የሚጠቀምበት ቃል የመቧጠጥ ወይም የመጫር ትርጉም አለው። ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የተጨነቁበት ይህ ቃል፣ የግሪኩን ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስን ላነበበ ሰው እንግዳ አይደለም። ቴዎፍራስጦስ ስለ ግብፅ ሾላ ሲጽፍ፣ ፍሬው በብረት ካልተጫረ እንደማይበስል፣ ከተጫረ ግን በአራተኛው ቀን እንደሚደርስ ዘግቧል።

በእኛ አገር ሾላ አበባውን የምታዳቅልለት ጥቃቅን ተርብ አብራው ትኖራለች። በግብፅ ይህች ተርብ የለችም። ስለዚህ የግብፅ አትክልተኛ ተርቧ ትሠራው የነበረውን በቢላዋ መተካት ነበረበት። የቆሰለው ፍሬ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም ፍሬውን በፍጥነት ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም። ይህ ማብራሪያ የተገኘው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድርጊቱ ግን በሺዎች ዓመታት ይቀድመዋል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከደቡብ ኢትዮጵያ ነው። የእንሰት አምራች ችግኝ ማባዛት ሲፈልግ ያልጎመራ እንሰት ይቆርጥና ከአሚቾው መካከል ዋናውን የዕድገት እምብርት አንስቶ ይጥላል። ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ቡቃያዎች ይወጣሉ። እምብርቱ ባይነሳ ኖሮ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ ኬኔት ቲማንና ፎልክ ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከዕፅዋት ጫፍ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን የጎን እምቡጦችን እንደሚገታ አሳዩ። እንሰት ተካዩ እምብርቱን ሲያነሳ የሚያስወግደው ይህንኑ ገቺ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ትምህርት ስጀምር ከመጽሐፉ ሥዕል በፊት እንሰቱን አስቀድማለሁ፤ ከእንሰት አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ቀሪውን ለክፍሉ ያስረዱልኛል።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ማንጎው ያቀርበናል። የፊሊፒንስ ገበሬዎች ከማንጎ ዛፍ ሥር እርጥብ ቅጠልና ገለባ እያነደዱ ዛፉን ለተከታታይ ቀናት ያጥኑት ነበር። እምቡጡ መታየት ሲጀምር ጭሱን ያቆማሉ። ጭሱ ዛፉን ያለ ወቅቱ ያሳብበዋል። እዚህም የሚሠራው በጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው። ከፊሊፒንስ ሳንርቅ ወደ ከተማችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በኬሮሲን ምድጃ ጭስ የማብሰል ልማድ ነበር፤ አሁንም አለ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብትሄዱ፣ በፍራፍሬ መሸጫዎችና በጁስ ቤቶች የምታዩት ቢጫ ሙዝ ከእርሻ ሲነሳ አረንጓዴ ነበር። የግብፁ ቢላዋ፣ የፊሊፒንሱ ጭስና የእኛው ምድጃ የሚገናኙት በአንድ ሞለኪውል ነው።

ስም የወጣላቸው ዘመን

ሳይንሳዊው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ1880 ነው። በዚያ ዓመት ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ብርሃንን የሚለየው በጫፉ ሆኖ ሳለ የሚታጠፈው ግን ከጫፉ ዝቅ ብሎ መሆኑን አሳዩ። ከጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ አንዳች ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ነገር በ1920ዎቹ መጨረሻ ኔዘርላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ከአጃ ቡቃያ ጫፍ አንጥሮ መጠኑን መለካት ቻለ። ኦክሲን የሚባለው ይህ ነው።

የኤቲሊን ታሪክ ከመንገድ መብራት ይነሳል። በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ የበቀሉ የአተር ቡቃያዎች ለምን አጥረውና ወፍረው እንደሚጋደሙ መረመረ። ምክንያቱ ለመብራት ከሚያገለግለው ጋዝ የሚወጣ ኤቲሊን ሆኖ ተገኘ። በ1934 ደግሞ ሪቻርድ ጌን የሚበስል ፍሬ ራሱ ኤቲሊን እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። አንድ የበሰለ ፍሬ ጎረቤቶቹን የሚያበስልበት ምስጢር በዚህ ተገለጠ።

ጂብረሊን የተገኘው ከሩዝ በሽታ ነው። በሽታው የያዘው ችግኝ ያለ ልክ ይረዝምና ፍሬ ሳይሰጥ ይወድቃል፤ የጃፓን ገበሬዎች ሞኝ ችግኝ ይሉታል። በ1926 ኤይቺ ኩሮሳዋ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ብቻውን ችግኙን እንደሚያስረዝም አሳየ። በ1930ዎቹ ቴይጂሮ ያቡታ ለንጥረ ነገሩ ስም አወጣለት፤ ከባልደረባው ከሱሚኪ ጋርም ለይቶ አወጣው። በ1955 የሕዋስ ክፍፍልን የሚያነሳሳው ካይኔቲን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ አብሲሲክ አሲድ ተከተሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ገበሬ ከሁሉ በፊት በስሙ ያወቀው ሰው ሠራሽ ተቆጣጣሪ የቱ ይመስላችኋል? ቱ ፎር ዲ ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው ይህ ኬሚካል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። አረሙን የሚገድለው ዕድገቱን ከሥርዓት በማውጣት ነው። ይኸው ንጥረ ነገር እጅግ በቀጠነ መጠን ሲረጭ ደግሞ በሕንድና በሌሎች አገሮች የማንጎ ፍሬ እንዳይረግፍ ለመከላከል ተሞክሯል። አንዱ ሞለኪውል በአንድ መጠን ፍሬ ያቆያል፤ በሌላ መጠን ተክል ይገድላል። መጠን የሚለውን ቃል እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

በዛፉ ውስጥ የሚሆነው

የማንጎ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለች እምቡጥ ሁለት ዕጣ አላት፤ ወይ ቅጠል ትሆናለች፣ ወይ አበባ። ጂብረሊን በበዛበት ጊዜ ሚዛኑ ወደ ቅጠል ያጋድላል። ቅርንጫፉ ሲጎለምስ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወይም ውኃ ሲያጥር ዕድገቱ ይቆማል፤ ስኳርና ስታርች በቅርንጫፉ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሚዛኑም ወደ አበባ ያዘነብላል። በዝናብና በማዳበሪያ ብዛት ያለማቋረጥ ቅጠል የሚያወጣ ዛፍ ለዓይን ቢያምርም ፍሬ የሚነሳው ለዚህ ነው።

አበባው ተዳቅሎ ፍሬ ሲቋጥር በፍሬው ውስጥ ያለው ጽንስ ኦክሲን፣ ጂብረሊንና ሳይቶካይኒን ማመንጨት ይጀምራል። እነዚህ ሆርሞኖች የሕዋሳትን ክፍፍልና መስፋፋት ይመራሉ፤ ከቅጠል የሚመጣውን ስኳርም ወደ ፍሬው ይስባሉ። ከፍሬው በአንገቱ በኩል ወደ ቅርንጫፉ የሚፈስሰው ኦክሲን ፍሬው በሕይወት እንዳለ ለዛፉ የሚያስታውቅ መልእክት ነው። ጽንሱ ሲሞት፣ ውኃ ሲጠፋ ወይም ጎረቤት ፍሬዎች ስኳሩን ሲሻሙት ፍሰቱ ይደክማል። በዚያን ጊዜ በአንገቱ ላይ ያለው የመለያያ ንብርብር በኤቲሊን ትእዛዝ ይላላና ፍሬው ይወድቃል። በልጅነቱ የሚረግፈው የማንጎ ፍሬ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። በትክክለኛው ጊዜ የሚረጭ ሰው ሠራሽ ኦክሲን የደከመውን መልእክት ያግዛል። ከልኩ ያለፈ ኦክሲን ግን ራሱ ኤቲሊን ያስመነጫል፤ ያን ጊዜ ሊያቆየው የታሰበውን ፍሬ ያረግፈዋል።

ፍሬው አድጎ ሲጨርስ የመጨረሻው ምዕራፍ የኤቲሊን ነው። ማንጎ ከተቀጠፈ በኋላ መብሰል የሚችል ፍሬ ነው። በመብሰያው ጊዜ አተነፋፈሱና የኤቲሊን ምርቱ በድንገት ይጨምራሉ፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ መዓዛው ይወጣል። ያልጎመራ ፍሬ ቀጥፎ በጋዝ ማብሰል ግን ቀለም ብቻ ይሰጣል። በዛፉ ላይ ሳለ ያልተከማቸ ስታርች ከየት መጥቶ ስኳር ይሆናል?

ከሎስ ባኞስ እስከ አዋሽ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሎስ ባኞስ፣ ፊሊፒንስ፣ ራሞን ባርባ የተባለ የአትክልት ሳይንስ ተመራማሪ የጭሱን ሥራ በሌላ መንገድ ለመተካት ሞከረ። ያገኘው መልስ እጅግ ቀላል ነበር፤ ፖታሲየም ናይትሬት በውኃ በጥብጦ በጎለመሱ ቅርንጫፎች ላይ መርጨት። ይህ ማዳበሪያም የባሩድ ቅመምም የሆነ ርካሽ ጨው ነው። ከዚያ በኋላ የፊሊፒንስ ማንጎ የአንድ ወቅት ፍሬ መሆኑ ቀረ። ባርባ የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም ገበሬዎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ፤ በ2014ም አገሩ የብሔራዊ ሳይንቲስት ማዕረግ ሰጠችው።

በ1980ዎቹ ደግሞ ከእንግሊዝ ፓክሎቡትራዞል የተባለ ኬሚካል መጣ። ይህ ንጥረ ነገር ዛፉ ጂብረሊን የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል። ቀደም ብለን እንዳየነው ጂብረሊን ሲቀንስ የቅጠሉ ግፊት ይረግባል፣ አበባውም ዕድል ያገኛል። ኬሚካሉ በሕንድ፣ በታይላንድና በአውስትራሊያ የማንጎ እርሻዎች በስፋት ተሠራበት።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በላይኛው አዋሽ፣ የመርቲ ቲማቲም ድልህና ማርማላታ በየቤታችን ባስተዋወቀው የመንግሥት የእርሻ ድርጅት ውስጥ፣ ከብርቱካኑ ጎን የተሻሻሉ የማንጎ ዝርያዎች ተተክለው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቶሚ አትኪንስ ነው። ማንጎ የደቡብ እስያ ዛፍ ቢሆንም ይህ ዝርያ የተገኘው በፍሎሪዳ ነው፤ ወደ አዋሽ የደረሰው ውቅያኖስ ዞሮ ነው ማለት እንችላለን። በስምጥ ሸለቆው ሙቀትና በመስኖ ውኃ ዛፎቹ ቅጠል አብዝተው ፍሬ ይነሱ ነበር።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተፈሪ የሺጥላ ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቹ ከሮበርትሰና ከስታሰን ጋር በእነዚህ ዛፎች ላይ ፓክሎቡትራዞልን ፈተነ። ለአንድ ዛፍ 2.75፣ 5.50 እና 8.25 ግራም የሚሆን መጠን ከፊሉን በአፈር በማጠጣት፣ ከፊሉን በቅጠል ላይ በመርጨት ሰጥተው ካልታከሙ ዛፎች ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2004 ታተመ። የታከሙት ዛፎች የቅጠል ዕድገታቸው ተገታ፤ ከማበባቸው በፊት በቅርንጫፋቸው የተከማቸው ካርቦሃይድሬት ከፍ አለ፤ አበባቸው፣ ምርታቸውና የፍሬያቸው ጥራትም ተሻሻለ።

ይህን ጥናት ከሃያ ዓመታት በኋላም ከምወዳቸው የማስተማሪያ ምሳሌዎች አንዱ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ፍሬ ቆጥረው አላበቁም፤ ፍሬው ከየት እንደመጣ ጠይቀው በቅርንጫፉ ውስጥ የተቀመጠውን ስኳርና ስታርች ለኩ። ሁለተኛው ምክንያት ታሪካዊ ነው። ሥራው የተሠራው በአዋሽ ዳር ነው፤ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በኒውዚላንድ መጽሔት ላይ ነው። መርቲ ያለ የእርሻ ሠራተኛ ስለ ራሱ ዛፎች የተጻፈውን ለማንበብ የኒውዚላንድን በር ማንኳኳት ነበረበት።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ ስም ላንሳ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በማሽላ ላይ አቀንጭራን በመቋቋም ሥራቸው ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከማሽላ ሥር በሚወጣ ኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ ይህን ምልክት በጥቂቱ የሚያወጡ ዝርያዎች ከጥቃቱ ይድናሉ። የእነዚህ ምልክቶች ቤተሰብ ስትራይጎላክቶን ይባላል፤ የቅርንጫፍን ብዛት የሚወስን የዕፅዋት ሆርሞን መሆኑ የታወቀው በ2008 ነው። የአለማያ ተማሪ የነበሩ ኢትዮጵያዊ የዚህ ታሪክ ባለቤት ናቸው።

ምን እንምከር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ አካባቢ አንድ አዛውንት የማንጎ አምራች ስለ እነዚህ ኬሚካሎች ሳስረዳ ሰምተው፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ ዛፉ የሌለውን ይሰጠዋል ወይስ ያለውን ያስወጣዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈትኛለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የጥናት ጥያቄ የያዘው ጥቂቱ ነው። መልሱን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያለውን ነው የሚያስወጣው።

ከዚህ መልስ ቅደም ተከተል ይወለዳል። በአሶሳም፣ በጋሞም፣ በወሎም በአነስተኛ ገበሬ ጓሮ ያለው ማንጎ በአብዛኛው ከዘር የበቀለ፣ ተገርዞ የማያውቅ፣ ረጅምና ውስጡ ጨለማ የሆነ ዛፍ ነው። በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው፣ በቅጠልና በፍሬ ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት የሚጣበቀው ተባይም በብዙ አካባቢዎች ተሰራጭቶ ቅጠሉን እያደረቀ ነው። ቅጠሉ የታመመና ብርሃን የተነፈገ ዛፍ በቅርንጫፉ የሚያስቀምጠው ስታርች ጥቂት ነው። በዚህ ዛፍ ላይ ተቆጣጣሪ መርጨት ባዶ ጎተራ እንደመክፈት ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ግርዛት፣ ተባይ መከላከል፣ የውኃ አያያዝ፤ ለአዲስ ተከላ ደግሞ የተመረጠ ዝርያ ቀንበጥ የተጣበቀበት ችግኝ። ተቆጣጣሪው ከእነዚህ በኋላ፣ ለተደራጀና መጠን መለካት ለሚችል አምራች የሚሰጥ ነው። መልካሙ ዜና ግን ግርዛትም ሆነ ከአበባ በፊት መስኖን ማቋረጥ ራሳቸው የሆርሞን ሚዛን የሚለውጡ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ያለ ኬሚካል የሚደረግ የዕድገት ቁጥጥር ናቸው።

ጥንቃቄውም መነገር አለበት። ፓክሎቡትራዞል በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ኬሚካል ነው። ከመጠን ካለፈ ዛፉን ለዓመታት ያቀጭጨዋል፤ የአበባ ዘለላውን አጨማድዶ ለበሽታ ያጋልጣል። በአነስተኛ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ከማንጎው ሥር ጎመን፣ ቡና ወይም ጎደሬ አለ፤ ለዛፉ የተጠጣው እነርሱም ጋ ይደርሳል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ የዕድገት ተቆጣጣሪዎችንና የፍሬ መርገፍን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን በፀረ ተባይ ትርጓሜ ውስጥ ያካተተው በከንቱ አይደለም። አገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አውጥታለች። ማንኛውም ዓይነት ስርጭት በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ማለፍ ይገባዋል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ቋንቋ ነው። ሆርሞን የሚለው ቃል በገበያችን የስጋት ቃል ሆኗል። ትልቅ ፍሬ ያየ ሁሉ ሆርሞን ነው ይላል። እስካሁን የተነጋገርነውን ያስታወሰ ሰው ግን ሆርሞን የሌለበት ፍሬ በዓለም ላይ እንደሌለ ያውቃል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ምን ተጨመረ፣ ስንት ተጨመረ፣ መቼ ተጨመረ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ እንዲጠይቅ ካልረዳነው፣ አንዱ ያለ ምክንያት ይፈራል፤ ሌላው ያለ ልክ ይረጫል። ጥናቶቻችን ወደ ውጭ መጽሔቶች መሄዳቸው ይቀጥል፤ ለማዕረግ ዕድገታችን ያስፈልጉናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥናት ከአራት ገጽ ያልበለጠ የአማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶለት ሙከራው ወደተሠራበት ወረዳ ይመለስ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ይህን የመመረቂያ ጽሑፋቸው አካል እንዲያደርጉት በዚህ መድረክ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በቀጣዩ የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይም በጽሑፍ አስገባዋለሁ።

አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ፤ ተማሪዎች ቅድሚያ አላችሁ።